ለስንት ሰከንድ? የሳም ፖላርድ የኤዲቲንግ ጠረጴዛ

ሴፕቴምበር 15 ቀን 1963፣ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ላይ፣ በአሜሪካ አላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ በ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ሥር የተጠመደ ዲናማይት ፈነዳ። ምድር ቤቱ ውስጥ ለአምልኮ ሲዘገጃጁ ከነበሩት ልጆች አራቱ ሞቱ። አዲ ሜይ ኮሊንስ፣ ሲንቲያ ዌስሊና ካሮል ሮበርትሰን 14 ዓመታቸው ነበር፤ ዴኒስ ማክኔር ደግሞ 11። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ብቻ ወደ እኛው እመለሳለሁ።) ከ34 ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ዳይሬክተር ስፓይክ ሊ ስለ እነዚህ ልጆች ዘጋቢ ፊልም ሲሠሩ እጃቸው ከገባው ማስረጃ መካከል የልጆቹ አስከሬን ፎቶግራፎች ይገኙበታል።

«አራት ትንንሽ ልጃገረዶች» የተባለውን ይህን ፊልም ያየ ሰው ፎቶግራፎቹን አይረሳቸውም። ግን ስንት እንደነበሩ፣ በየትኛው ላይ ምን እንዳየ ብትጠይቁት በትክክል አይነግራችሁም። ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ዓይን አየሁ ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ምስል ይተካል። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ተመልካቹ አስከሬን መመልከት ይጀምር ነበር፤ መመልከት ከጀመረ ደግሞ ይለምደዋል። ጭራሽ ባይገቡ ኖሮ «አራት ልጆች ሞቱ» የሚለው ነገር በየታሪክ መጽሐፉ እንዳለው አንድ መስመር ሆኖ ይቀር ነበር።

ይህን ያህል ይቆይ፣ ከዚህ በላይ አይቆይ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ዳይሬክተሩ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ የመጨረሻው ቃል የእርሱ ነው። ነገሩ ዳይሬክተሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ያንን ምስል ሃያ ሠላሳ ጊዜ እየመለሰ አይቶታል። በዚህ ፊልም ላይ ያ ሰው ሳም ፖላርድ ነበሩ፤ ኤዲተሩም፣ ከሊ ጋር አብሮ አዘጋጁም እሳቸው ናቸው። ፊልሙ በምርጥ ዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር ሲታጭ በእጩነት የቀረቡት የሁለቱ ስሞች ናቸው።

እኔም በዚሁ ሙያ እተዳደራለሁ። የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ስልኩ ከጮኸ ሥራ አለ፣ ካልጮኸ የለም። የፖላርድን ጉዳይ ይዤ የተቀመጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከአንዱ ፊልም ወደ ሌላው እየተጠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ሥራቸውን በተርታ ማየት ይቻላል፤ በተርታ ሲታይ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሲያስጨንቃቸው የኖረው ጥያቄ ያው አንዱ መሆኑ ይገባል።

የተንጠለጠሉ ቁርጥራጮች

ፖላርድ በ1950 ተወለዱ፤ ኢስት ሃርለም፣ ኒው ዮርክ። የፊልም ትምህርት ቤት ልጅ አይደሉም፤ የተማሩት ባሩክ ኮሌጅ ነው። ወደ ሙያው ያስገባቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርኩ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ከካሜራና ከኤዲቲንግ ክፍል ተገፍተው ለቆዩ ወጣቶች የከፈተው ሥልጠና ነው። ከዚያ የቪክተር ካኔፍስኪ ተለማማጅ ሆኑ። ካኔፍስኪ በወቅቱ የሚሠሩት ቢል ገን የተባሉት ጥቁር ደራሲና ዳይሬክተር ያዘጋጁትን፣ በ1973 የወጣውን «ጋንጃ እና ሄስ» ነበር።

ኮምፒውተር ላይ ለጀመርን ሰዎች የዚያ ዘመን ተለማማጅነት ምን እንደነበረ ማሰብ ይከብዳል። ፊልም የሚዳሰስ ነገር ነው። አንዱ ሰከንድ 24 ትንንሽ ሥዕል ነው። ኤዲተሩ ቆርጦ ያወጣውን ቁራጭ ተለማማጁ ይቀበላል፤ በሰም እርሳስ ምልክት ያደርግበታል፤ በጨርቅ ከተሸፈነ ቅርጫት በላይ በተሰካው መንጠቆ ላይ ያንጠለጥለዋል። ነገ ኤዲተሩ «ያቺ ሴትዮ ቀና ከማለቷ በፊት ያለውን ስድስት ፍሬም አምጣ» ይላል። ስድስት ፍሬም የሩብ ሰከንድ ፊልም ነው፤ ከጣት አይረዝምም። ከመቶ ቁርጥራጭ መካከል ፈልጎ ማግኘት የተለማማጁ ዕዳ ነው። ሰው ሩብ ሰከንድን በእጁ ይዞ ሲፈልግ ከከረመ በኋላ ጊዜን የሚያይበት ዓይን እንደ እኛ አይሆንም። እኛ አንድ ቁልፍ ተጭነን እናጠፋለን፣ ሌላ ተጭነን እንመልሳለን። ምስሉ ዋጋ ያለው አይመስለንም።

ከአሥር ዓመት በኋላ መምህሩና ተማሪው እኩል ስማቸውን አሰፈሩ። በ1983 የወጣው፣ በኒው ዮርክ የምድር ባቡር ላይ ስለሚሥሉ ወጣቶች የሚተርከው «ስታይል ዋርስ» ኤዲተሮቹ ካኔፍስኪና ፖላርድ ናቸው። በተከታዩ ዓመት ዛሬ ሰንዳንስ የሚባለውን የፊልም ፌስቲቫል ዋና የዘጋቢ ፊልም ሽልማት ወሰደ። በፊልሙ ውስጥ ሠዓሊዎቹ ልጆች ይናገራሉ፣ እናት ትናገራለች፣ ፖሊስ ይናገራል፣ ከንቲባው ይናገራሉ፤ ማንም ሳይሰማ አይቀርም። ከንቲባውን ለማሳነስ ቀላሉ መንገድ በነገራቸው መሀል መቁረጥ ነበር። አልቆረጧቸውም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ትምህርት ቤት ቦስተን ነው። ሄንሪ ሃምፕተን የመሠረቱት ብላክሳይድ የተባለ ድርጅት የጥቁሮችን የመብት ትግል ታሪክ «አይዝ ኦን ዘ ፕራይዝ» በሚል ተከታታይ ፊልም አቅርቦ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1987፣ ሁለተኛው በ1990 ታየ፤ ከሁለተኛው ውስጥ ሁለቱን ሰዓቶች ከሼላ ከራን በርናርድ ጋር ያዘጋጁት ፖላርድ ናቸው። እዚያ ቤት ሥራ የሚጀመረው በካሜራ አልነበረም። የታሪክ ምሁራንና በትግሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ተጠርተው አዘጋጆቹን ያስተምራሉ፤ ከዚያ ነው ወደ ማኅደር የሚገባው።

ስለ ማኅደር ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ የባለሙያው ራስ ምታት ነውና። ያ ሁሉ ተከታታይ ፊልም በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጠቀመባቸው የዜና ምስሎች፣ ፎቶግራፎችና ዘፈኖች የፈቃድ ጊዜያቸው አለቀና ከቴሌቪዥን ጠፋ። ለዓመታት መልሶ ማሰራጨትም ሆነ አዲስ ቅጂ መሸጥ አልተቻለም። በእርዳታ ገንዘብ ፈቃዱ እንደገና ተገዝቶ ወደ ሕዝብ ቴሌቪዥን መመለስ የጀመረው በ2006 ነው። የአንድ ሕዝብ የትግል ታሪክ በኪራይ ውል እንደተያዘ ቤት ነበር ማለት ነው። እኛ አገር ይህን ችግር ገና በወጉ አልደረስንበትም፤ የፈለግነውን ምስል ከበይነ መረብ እናወርዳለን፣ ጥግ ላይ ያለውን ምልክት በጥቁር እንሸፍናለን። አንድ ቀን ይመጣብናል።

እንጀራውንም ማየት ያስፈልጋል። ዘጋቢ ፊልም ቤት አያቆምም። ፖላርድ በዚያው ዘመን የስፓይክ ሊን ልብ ወለድ ፊልሞች ቆርጠዋል፤ «ሞ ቤተር ብሉስ» በ1990፣ «ጃንግል ፊቨር» በ1991፣ «ክሎከርስ» በ1995፣ «ባምቡዝልድ» በ2000። በጎን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ክፍል ያስተምሩ ነበር። ልብ ወለዱና ማስተማሩ ባይኖሩ ዘጋቢው በዚህ ሁሉ ዓመት ባልዘለቀ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሙያችንን ስንመክር ስለ ጥበቡ ብቻ እናወራለን፤ በሦስት ወር አንዴ ስለሚመጣ ክፍያና በየወሩ ስለሚመጣ የቤት ኪራይ ማንም አያነሣም።

የሽንኩርት ሽታ

ወደ በርሚንግሃም ልመለስ። ፊልሙ ተራኪ የለውም። ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ምን ማሰብ እንዳለብን የሚነግረን ባለ ወፍራም ድምፅ የለም። ሁለት ነገር እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ የአራቱ ልጆች የቤት ሕይወት በአንድ በኩል፣ የከተማዋ ትግል በሌላ በኩል። ፖሊስ በሰልፈኞቹ ላይ የለቀቃቸው ውሾች፣ የእሳት አደጋ ውኃው፣ በሜይ 1963 ወደ እስር ቤት በሰልፍ የሄዱት ሕፃናት አሉ። ወዲያው ደግሞ የአንዲት ልጅ የልደት ፎቶግራፍ ይመጣል።

የዴኒስ አባት ክሪስ ማክኔር ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ሊ ገና ተማሪ ሳሉ በ1983 ስለ ልጃቸው ፊልም ልሥራ ብለው ጽፈውላቸው አልተሳካም፤ እሺ ያሉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድ ታሪክ ይነግሩናል። ለገና ገበያ ልጃቸውን ይዘው ወደ አንድ ትልቅ መደብር ገቡ። ከመደብሩ የምግብ ክፍል የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታ መጣ። ልጅቱ ሳንድዊች አማራት። አባት እዚያ ቆመው፣ ጥቁር ስለሆንሽ እዚህ ተቀምጠሽ መብላት አይፈቀድልሽም ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጃቸው መንገር ነበረባቸው።

ሌላ ምንም የለም። ቦንብ የለም፣ ውሻ የለም። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። ይህ ታሪክ የመጣው ከፍንዳታው በፊት መሆኑ ነው የኤዲተሩ ሥራ። ፍንዳታው ሲደርስ የምናውቃት «ተጎጂ» አይደለችም፤ ሳንድዊች አምሯት የተከለከለች ልጅ ናት። ታሪኩን ከፍንዳታው በኋላ ቢያደርጉት የሐዘን ማጣፈጫ ይሆን ነበር። ቃሉ አይለወጥም፣ ፊቱ አይለወጥም፣ የሚለወጠው ተራው ብቻ ነው።

በዚያው ፊልም ውስጥ ጆርጅ ዋላስ አሉ፤ «መለያየት ለዘላለም» ያሉት የአላባማ ገዥ የነበሩት። አርጅተዋል፣ ታመዋል፣ ድምፃቸው በደንብ አይሰማም። ዘረኛ እንዳልነበሩ ለማስረዳት ጥቁር ረዳታቸውን ወደ ካሜራው ጠርተው የቅርብ ወዳጄ ነው ይላሉ፤ እጁን ይዘዋል። ረዳቱ ቆሟል። የት እንደሚያይ አያውቅም። ኤዲተሩ እዚያ ላይ ሙዚቃ አላስገባም፣ የድሮ ንግግራቸውን ደርቦ «ተያዙ!» አላለም። የረዳቱን ፊት ተወው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ፊት ላይ ይነበባል።

የዝምታ ዋጋ

በኦገስት 2005 መጨረሻ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን መታ። ከተማዋን ያሰጠማት ግን ነፋሱ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት የሠራቸው የጎርፍ መከላከያ ክትሮች ተንደው 80 ከመቶ የሚሆነው ከተማ ውኃ ውስጥ ገባ። በዓመቱ፣ በኦገስት 2006፣ ሊ እና ፖላርድ «ክትሮቹ በተናዱ ጊዜ» የተባለውን ባለ አራት ክፍል ፊልም እዚያው ኒው ኦርሊንስ አዳራሽ ውስጥ ለራሱ ለሕዝቡ አሳዩ። ለሁለት ሰዓት የታሰበው አራት ሰዓት አልፎ ነበር። መቶ ገደማ ሰዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ከኤዲተሮቹ መካከል ሳም ፖላርድ፣ ጊታ ጋንድቢርና ናንሲ ኖቫክ ይገኙበታል። በ2007 ፊልሙ ከወሰዳቸው የኤሚ ሽልማቶች አንዱ የእነርሱ ነው።

ከዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ላቁም። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ቴሬንስ ብላንቻርድ የኒው ኦርሊንስ ልጅ ናቸው። ካሜራው እናታቸውን ተከትሎ ውኃ ወደ በላው ቤታቸው ይገባል። እናት በሩን አልፈው ያያሉ፤ ዕቃው ተገልብጧል፣ ግድግዳው በጭቃ ተለብጧል። ያለቅሳሉ። ልጅ ያቅፋቸዋል። ፊልሙን በሙሉ በመለከቱ ሲያስለቅሰን የነበረው ሰው እዚህ ልጅ ብቻ ነው። ትዕይንቱ ረጅም ነው። ወደ ባለሙያ አስተያየት አይዘልም፣ ስንት ቤት እንደፈረሰ የሚናገር ቁጥር አይመጣም።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ካልተናገርኩ ሐቀኛ አልሆንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ንጹሕ ውኃ አንድ አጭር ፊልም እንድቆርጥ አንድ ድርጅት ጠራኝ፤ ስሙ ይቅር። ከመጣው ጥሬ ምስል ውስጥ አንዲት እናት ጀሪካኗን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ገመዱን ከትከሻዋ ፈትታ፣ ገመዱ ያረፈበትን ቦታ በመዳፏ ስታሽ ትቆያለች። ከዚያ ነው የምትናገረው። ያ ማሸት ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። የፊልሙ ነፍስ እርሱ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ሲያዩት «ይህ ባዶ ቦታ ይውጣ፣ የፕሮጀክቱ ምልክት ይግባበት» ተባልኩ። አወጣሁት። ክፍያው በጊዜው ገባ። ፊልሙን ዛሬ ባየው የምትናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ ትከሻዋ ግን አያምም።

ፖላርድ በእኔ ቦታ ቢሆኑ እምቢ ይሉ ነበር አልልም፤ ጀርባቸው ላይ ስፓይክ ሊና አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ነበሩ። ሆኖም እዚያ ለመድረስ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማን ፊልም እንደሚቆርጡ መርጠዋል። ለብቻው የሚሠራ ኤዲተር ሥልጣኑ እዚያ ላይ ይመስለኛል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ጉልበት ትንሽ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ያለው ይበልጣል።

ሌላ እጅ ሲቆርጠው

አሁን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ልመለስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም ያሳየበት ፊልም ነው፤ በአገሩ ሲታይ ለተራቡት ገንዘብ አሰባስቧል። በዚያች ማታ ግን ደርግ ያሳየው እንደ ነበረ አይደለም፤ በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥቱ ድግስና የንጉሠ ነገሥቱ ውሾች ሲበሉ የሚያሳዩ ምስሎች እየተፈራረቁ ገብተውበታል። በማግስቱ ጠዋት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። የወሎ ሰዎች ፊት በሁለቱም ፊልም አንድ ነው። ለንደን ላይ የተሰፋው «እርዱ» ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ የተሰፋው «አውርዱ» ይላል።

ይህን ያነሣሁት የፖላርድ «ኤም ኤል ኬ/ኤፍ ቢ አይ» የሚገጥመው እንዲህ ያለውን ነገር ስለሆነ ነው። ፊልሙ በ2020 ቶሮንቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ የአሜሪካ የምርመራ ቢሮ ማርቲን ሉተር ኪንግን እንዴት ሲከታተል እንደኖረ የሚተርክ ነው፤ መነሻው የታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ጋሮው ጥናትና በኋላ ይፋ የሆኑ ሰነዶች ናቸው። በኦክቶበር 1963 የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ስልክ ማዳመጥ ፈቀዱ። ከዚያ የሆቴል ክፍሎች ውስጥ የድምፅ መቅጃ ተደበቀ። በኖቬምበር 1964 የቢሮው ኃላፊ ጄ. ኤድጋር ሁቨር ኪንግን በአገሪቱ የታወቀ ቀንደኛ ውሸታም ብለው በአደባባይ ዘለፉ። በዚያው ወር ቢሮው ከተለያዩ ሆቴሎች የተቀዳውን መርጦ፣ ቆርጦ፣ በአንድ ጥቅልል ላይ ቀጥሎ፣ ራስህን አጥፋ ከሚል ትርጉም ያለው ስም የለሽ ደብዳቤ ጋር ለኪንግ ላከ። ደብዳቤው የ34 ቀን ቀጠሮ ሰጥቷል።

ቢሮውም ኤዲተር ነበረው ማለት ነው። አንድ ሰው፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ የትኛው ሳቅ ይግባ፣ የትኛው ይውጣ እያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

የፖላርድ ችግር ታዲያ ይህ ነው። ፊልሙ የሚሠራው የሰውየው ጠላት ከሰበሰበው ማስረጃ ነው። ትተነዋል ቢሉ ክትትሉን መናገር አይቻልም፤ እንዳለ ቢያቀርቡት የቢሮውን ሥራ እየጨረሱለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጋሮው በ2019 ይፋ ያደረጉት፣ በአንድ ሰነድ ጠርዝ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር፤ ኪንግ አንዲት ሴት ስትደፈር በቦታው ነበር የሚል ከባድ ክስ። ፊልሙ ማስታወሻውን አልደበቀውም። ወረቀቱን ያሳያል፣ የጠርዙን ጽሑፍ ያሳያል፣ ማን በምን ዓላማ እንደጻፈው ጠይቆ፣ የቢሮው ሰነድ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ምሁራኑን ያከራክራል።

ሌላ ብልሃትም አለ፤ እኔን ያስደነቀኝ እርሱ ነው። ቃል የሚሰጡት ሰዎች፣ የኪንግ ባልደረቦች አንድሩ ያንግና ክላረንስ ጆንስ፣ ምሁራኑ፣ የቢሮው የቀድሞ ኃላፊ ጄምስ ኮሚ ሳይቀሩ፣ በድምፅ ብቻ ይሰማሉ። ፊታቸውን የምናየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። እስከዚያ ዓይናችን የሚያርፈው በማኅደር ምስሉ ላይ፣ በኪንግ ፊት ላይ ነው። ሲዝናና፣ ሲደክመው፣ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ዓይኑን ሲሰብር እናያለን። ብዙ ዘጋቢ ፊልም የሚበላሸው ምሁሩ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ተቀምጦ በየሦስት ደቂቃው ብቅ ስለሚል ነው። እዚህ ሰሚዎች ነን፤ ልክ እንደ ሰላዮቹ በጆሯችን የማናየውን ሰው እንሰማለን። ይህ ስሜት ምቾት አይሰጥም፤ እንዲሰጥም የተፈለገ አይመስለኝም።

ይህን ፊልም ፖላርድ አልቆረጡትም። ዳይሬክተሩ እሳቸው ናቸው፤ መቀሱን የያዙት ላውራ ቶማሴሊ ናቸው። ሃምሳ ዓመት መቀስ የያዘ ሰው ወንበሩን ለሌላ ሰጥቶ ከኋላ መቀመጡ ከባድ ነው። እኔ ሳስበው እንኳ እጄ ይበላኛል።

የድምፅ ቅጂዎቹ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2027 ድረስ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በብሔራዊው ቤተ መዛግብት ታሽገዋል። ፊልሙ በመጨረሻው ክፍል ቃል ሰጪዎቹን ስለዚህ ጉዳይ ያነጋግራል፤ ሲከፈት እናዳምጠው ወይ? መልሳቸው አንድ አይደለም።

ሊ ያልነበሩባቸው ዓመታት

ከዚያ ወዲህ ፖላርድ ያለ ዕረፍት ሠርተዋል። በ2021 ስለ ቴኒስ ተጫዋቹ አርተር አሽ፣ በ2023 ስለ ከበሮ መቺው ማክስ ሮች፣ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ቢል ራስልና ስለ ጥቁሮች የቤዝቦል ሊግ። ሁሉንም እኩል አልወደድኳቸውም፤ የስፖርቶቹ አንዳንዴ የማወደስ ጠባይ ይጫናቸዋል።

በ2022 የወጣው የላውንድስ አውራጃ ፊልም ግን የተለየ ነው። አላባማ ውስጥ ላውንድስ የተባለች አውራጃ አለች፤ በ1965 መጀመሪያ ከነዋሪዎቿ 80 ከመቶ የሚጠጉት ጥቁሮች ሆነው ለመምረጥ የተመዘገበ አንድም ጥቁር አልነበረም። የመብት ታጋዩ ስቶክሊ ካርማይክልና የተማሪዎቹ ሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ወጣቶች እዚያ ገብተው ከገበሬዎቹ ጋር የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፤ ማንበብ የማይችል መራጭ እንዲለየው ምልክቱን ጥቁር ግስላ አደረጉት። ያ ግስላ በኋላ ካሊፎርኒያ ደርሶ የብላክ ፓንተር ፓርቲ ምልክት ሆነና ዓለም አወቀው፤ የተወለደው ግን እዚህ ጥጥ እርሻ ላይ ነው። ለመምረጥ በመመዝገባቸው ከባለ መሬቱ የተባረሩ ቤተሰቦች ድንኳን ተክለው ከረሙ። በ1966 ምርጫ አንዱንም ወንበር አላገኙም። በ1970 ግን ከመሪዎቹ አንዱ ጆን ሁሌት የአውራጃው የፖሊስ አዛዥ ሆነው ተመረጡ። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ሰው ካርማይክል እንዳይሆን የተደረገው ጥንቃቄ ይታያል፤ ካሜራ የሚወደው እርሱ ነው፣ ማኅደሩም በእርሱ የተሞላ ነው፣ ትረካው ግን ደጋግሞ ወደ ገበሬዎቹ ይመለሳል።

ይህን ፊልም ከፖላርድ ጋር የመሩት ጊታ ጋንድቢር ናቸው፤ ከ16 ዓመት በፊት በኒው ኦርሊንሱ ፊልም ላይ በኤዲተርነት አብረዋቸው የነበሩት። ካኔፍስኪ ለፖላርድ ያደረጉትን ፖላርድ ለእርሳቸው አደረጉ ብል ማጋነን አይሆንም።

ጋንድቢር በ2025 ብቻቸውን የመሩት «ዘ ፐርፌክት ኔበር» የተባለ ፊልም አለ፤ ሰንዳንስ ላይ በአሜሪካ ዘጋቢ ፊልሞች ውድድር የዳይሬክተርነት ሽልማት አግኝተውበታል። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦካላ በተባለ ከተማ በጁን 2023 አጂኬ ኦዌንስ የተባለች የአራት ልጆች እናት ከጎረቤቷ በተዘጋ በር በኩል በተተኮሰ ጥይት ሞተች። ፊልሙ የተሠራው በአብዛኛው ፖሊሶች ደረታቸው ላይ ከሚያደርጉት ካሜራ ነው። ለፊልም ተብሎ ያልተቀረጸ፣ ማንም ያላቀነባበረው፣ የሰዓታት ምስል ነው። ኤዲተሯ ቪሪዲያና ሊበርማን ከዚያ ውስጥ ሰፈር አውጥታበታለች፤ ልጆች ሲጫወቱ፣ ጎረቤት ሲከስስ፣ ፖሊስ መጥቶ ሲሄድ።

በመሀል አባትየው ልጆቹን ሰብስቦ እናታቸው እንደማትመለስ ሲነግራቸው የሚታይበት ቦታ አለ። ፖሊሱ አጠገባቸው ቆሟል፤ ካሜራው ደረቱ ላይ ነው፤ ማንም ስለ ካሜራው እያሰበ አይደለም። አላወጡትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ይህ የማንም አይደለም፣ የልጆቹ ነው፣ መቆረጥ ነበረበት አልኩ። ኮምፒውተሬን ዘግቼ ተነሣሁ። በማግስቱ ከፍቼ ከዚያው ቦታ ጀምሬ እንደገና አየሁት፤ ከየት ላይ እንደምቆርጠው እየፈለግሁ። ቦታ አላገኘሁለትም።